የእንዳላማው ዐይን እና የይጁቤው ነጭ በሬ

እንዳላማው በሬ የሚመርጠው በአንድ ዐይኑ ነው። ግራዋን በልጅነቱ አጥር ሲያጥር እሾህ ወስዶበታል። ቀኟ ግን፣ እሱ እንደሚለው፣ የእህቷን ድርሻ ጠቅልላ ስለወረሰች የሌላ ሰው አራት ዐይን ታክላለች። ደጀን አፋፍ ላይ ቆማ ዓባይ ማዶ የምትግጥ ፍየል ስንት ጥርስ እንደጎደላት ትለያለች። የበሬ ቆዳ ዘልቃ ሳንባውን ታያለች። አንዴማ ገና በእናቱ ሆድ ያለ ጥጃ አይቶ፣ ይኼ ሲያድግ በቀኝ በኩል ካልጠመዱት አያርስም ብሏል፤ እንዳለውም ሆነ። ምስክር አለህ ወይ ሲሉት ምስክሩ በሬው ራሱ እንደነበረ፣ እሱም ባለፈው ፋሲካ እንደተበላ ያስረዳል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግማሹ ባይሆን ሩቡ እውነት ነው። በቁይ ዙሪያ ባለው አገር እንዳላማውን ሳያስከትል የእርሻ በሬ የሚገዛ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ እንግዳ ነው። ጥርሱን ይገልጣል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጅራቱን ይጎትታል፣ ሰኮናውን ያነሳል። ከዚያ ራቅ ብሎ ይቆምና አንገቱን ዘመም አድርጎ ያየዋል። "ውሰደው" ካለ ይወሰዳል። "ተወው" ካለ ባለቤቱ በሬውን ይዞ በጓሮ መንገድ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህችን የተከበረች ዐይን ሞራ ጋረዳት። ማርቆስ ከተማ ሄዶ ኦፕራሲዮን ሆነ፤ የደፈረሰውን ሌንስ አወጡና በምትኩ ጥርት ያለ ሰው ሠራሽ ሌንስ አስገቡለት። ፋሻው በተፈታ ማግስት ወሬው ተጀመረ። ሌንሱ ለአንድ የውጭ አገር ጄኔራል ተሠርቶ፣ ለጄኔራሉ ስለሰፋው ለእንዳላማው የተሰጠ ሆነ። ማታ ማታ ደጅ እየወጣ የትኛው ኮከብ አቧራ እንደያዘ መናገር ጀመረ። ሚስቱ ማሬ እንደምትለው ኦፕራሲዮኑ ከዐይኑ የበለጠ የጠቀመው ለአፉ ነው።

ታዲያ ዘንድሮ ጉሙ ተመልሶ መጣ።

መጀመሪያ ፊት ለፊት ያለው ተራራ ጠፋ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሄደ። ከዚያ የጎረቤቶቹ ፊት እየተሟሟ አንዱ ካንዱ የማይለይ ሆነ፤ ሰላምታ የሚሰጣቸው በድምፃቸው እየለየ ነው። ዘንድሮ ጭጋጉ በዛ ሲላት ማሬ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል። ጭሱ ነው አለ። አቧራው ነው አለ። የመንገድ ሥራው ነው አለ፤ የሚሠራ መንገድ ግን በአካባቢው አልነበረም። ዐይኔ ነው ማለት ብቻ አልሆነለትም። የጄኔራል ሌንስ ደፈረሰ ተብሎ እንዴት ይወራል?

የእህቱ የአይናዲስ በሬ ባይሞት ኖሮ ይህን ምስጢር ይዞ መቃብር በገባ ነበር።

አይናዲስ ታላቅ እህቱ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇ ኃይለ ሚካኤል እያረሰላት፣ ማሳዋን ለማንም ሳትሰጥ ኖራለች። ከሁለቱ በሬዎቿ አንዱ በሚያዝያ መጨረሻ ሆዱ ተነፍቶ አደረና ጠዋት ሞቶ ተገኘ። በአንድ በሬ አይታረስም። በግና ፍየሏን አሟጣ ሸጣ የአንድ በሬ መግዣ አሰባሰበች፤ የአንድ ብቻ። ያ በሬ ልግመኛ ወይም በሽተኛ ከወጣ ሌላ የምትገዛበት የላትም፤ ማሳው አርሶ ምርቱን ለሚካፈል እኩል አራሽ መሰጠቱ ነው፤ አንዴ ከተሰጠ ደግሞ መልሶ ማግኘቱ ጭንቅ ነው።

እኩል አራሹም ቀንበሩን ወልውሎ ይጠብቃል። ጎረቤቷ አማረ ነው። አማረ በሬ መራጭ ነኝ ባይም ነው፤ እንዳላማው ያልተመቸው ሰው ወደ እሱ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ በሬ ተስማምተው አያውቁም። አንዱ ቀንዱን ሲያመሰግን ሌላው ኮቴውን ያማል። አይናዲስን ለማጽናናት ከሰው ሁሉ ቀድሞ የደረሰው አማረ ነበር፤ እያጽናናት ፊቱ ወደ ማሳው ድንበር ሲዞር አይታዋለች።

ስለዚህ ወንድሟን ጠርታ የምገዛው አንተ የመረጥኸውን ነው አለችው። እንዳላማው ደረቱን ነፋ። ንጉሥ እርሻ ቢገባ የሚጠምደውን በሬ እንደሚመርጥላት፣ ሥጋው ቢያልቅ እንኳ ቆዳው ብቻውን ሦስት ክረምት የሚያርስ በሬ እንደሚያገኝላት ነገራት። ይህን ሁሉ ሲናገር የእህቱ አፍንጫ ፊቷ ላይ የት ጋ እንዳለ በውል አልታየውም።

በመጀመሪያው የቁይ ገበያ ወጡ። የከብት ተራው ወተት የፈሰሰበት መስሎ ታየው፤ ቀንድ የሌላቸው ራሶች፣ እግር የሌላቸው ሆዶች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እንዳላማው በዚያ መሃል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ወረዳ ዳኛ ተንጎራደደ። አንድ ቀይ ነገር የያዘ ሰው ጠራውና እስቲ ይኼን በሬ እየው አለው። ድምፁን ያውቀዋል፤ የአጎቱ ልጅ ምስጋናው ነው። እንዳላማው በሬውን ዞረው፣ ዳሰሰው፣ አሸተተው። ሰው ተሰበሰበ። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ እሱ ዝም ማለት አይሆንለትም። አንገቱ የዶሮ፣ ወገቡ የድመት ነው አለ። ሻኛው ለገበያ ቀን በውሰት የመጣ ይመስላል አለ። ይህ በሬ እርሻ ቢገባ ሞፈሩን ትቶ አራሹን እንደሚጎትት ተነበየ። ሳቁ ሲደምቅለት ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ለመሆኑ ይኼን የመረጠልህ ዕውር ማን ነው?"

ምስጋናው የበሬውን ገመድ አሳጠረ።

"አንተ ነህ" አለው። "አምና፣ እዚሁ ገበያ ላይ። ጎጃም ጎጃም ከተባለ ወዲህ እንዲህ ያለ በሬ አልተወለደም ብለህ።"

የዚያን ቀን የተሳቀው ሳቅ ደጀን ላይ ለቆመ የጭነት ሾፌር ሁሉ ተሰምቷል። ጨው ነጋዴዋ ጨውዋን፣ ዶሮ ሻጭ ዶሮዋን ጥላ መጣች። አይናዲስ ብቻ አልሳቀችም። የወንድሟን እጀታ ይዛ ከሰው ራቅ አደረገችውና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ስንት ጣት ነው የማሳይህ?"

እንዳላማው አሰበ። "ሦስት።"

አይናዲስ ሁለት እጇን በዱላዋ ላይ ደራርባ እንደቆመች ነበረች፤ አንድም ጣት አላነሳችም። አልጮኸችበትም። ነገ ማርቆስ እንሄዳለን አለች። አቧራው ነው ሊላት ሞከረ፤ ምስጋናው በሬውን ቀለም ቀብቶት ይሆናል አለ፤ የጄኔራሉንም ነገር አነሳ። እሷ አንድ ቃል ብቻ መለሰችለት።

"ማሳዬ በአፍህ አይታረስም።"

ማርቆስ ያለችው የዐይን ሐኪም መቅደላዊት የምትባል ቀጠን ያለች ወጣት ናት። የዐይኑ ብሌን እንዲሰፋ ጠብታ ጨመረችበት፤ ቆየት ብላ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደገፈችና ብርሃን እያበራች ለብዙ ጊዜ አየችው። እሱ ሳይጠየቅ የጄኔራሉን ታሪክ ጀመረላት። ሲያወሩ አገጭዎ ይንቀሳቀሳል ብላ አስቆመችው። የእንዳላማው ወሬ በሐኪም ትእዛዝ ሲቋረጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሌንሱ ደህና ነው አለች። እንዳላማው ወደ እህቱ ዞሮ አላልኩሽም ወይ አለ። ነገር ግን መቅደላዊት አልጨረሰችም። የሰው ሌንስ፣ አለች፣ በስስ ከረጢት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በኦፕራሲዮን ጊዜ የደፈረሰውን አውጥተን ከረጢቱን እንተወዋለን፤ አዲሱ ሌንስ የሚያርፈው እሱ ውስጥ ነውና። ከከረጢቱ ዳርና ዳር የቀሩ በዐይን የማይታዩ ሕዋሳት ግን አንዳንዴ ቀስ ብለው ይራባሉ፣ ወደ ኋላው ግድግዳ ይሳባሉ። ግድግዳው ወተት ላይ እንደሚሰፍር ስልባቦት ይሆንና ብርሃኑን ያግደዋል። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ የእርስዎም የማንም ጥፋት አይደለም። ሌዘር በሚባል ብርሃን መሃሉን እንከፍተዋለን። ቢላ የለም፣ ስፌት የለም፣ ዛሬውኑ አገርዎ ይገባሉ።

እንዳላማው ከረጢቱን ወደሚያውቀው ዕቃ ወሰደው።

"ስልቻው ከበስተኋላው ከተበሳ ጤፉ አይፈስም እንዴ፣ ልጄ?"

መቅደላዊት ሳቀች። "የምንከፍተው መሃል ለመሃል ብቻ ነው፣ ጋሼ። ዙሪያው እንዳለ ይቀራል። ሌንሱን የሚይዘው ዙሪያው ነው።"

አይናዲስ የሚወሰደውን ጠብታ ልትገዛ ወጣች። ሐኪሟ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። ከሌዘሩ በኋላ የዐይን ግፊት ከፍ ሊል ስለሚችል ሳንለካዎ አይሄዱም አለችው። አልፎ አልፎ፣ በጥቂት ሰው ላይ፣ ዐይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን ሊላቀቅ ይችላል፤ ዐይንዎ ውስጥ መብረቅ ደጋግሞ ብልጭ ካለ ወይም ጥቁር መጋረጃ ከወረደ ያኔውኑ ይምጡ። በሌዘር ከሚከፈተው ከረጢት የሚረግፈው ብናኝ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ዐይንዎ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ እንደ ዝንብ፣ እንደ ጥላሸት ሆኖ ይታይዎታል፤ ጥቂት ብቻ ከሆነ አያስፈራም። እንዳላማው "መብረቅ" እና "መጋረጃ" የሚሉትን ሰምቶ እዚያው ቀርቷል። የዝንቡና የጥላሸቱ ነገር በጆሮው ጫፍ አለፈ።

"ያለችኝ ይህች ብቻ ናት" አለ። ይህን ሲናገር አንድም ቃል አልጨመረበትም።

"አይቻለሁ፣ ጋሼ። ለዚህ ነው ቀስ ብዬ የምሠራው።"

የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨመረችለት። ራሱን በማሰሪያ ከመሣሪያው ጋር አያያዘችው፤ ወዝ ያለው ትንሽ መስታወት ዐይኑ ላይ አሳረፈች። ቀይ ነጥብ ታየው፤ እሷን ይመልከቱ፣ አይንቀሳቀሱ ተባለ። ከዚያ ጠቅ አለ። ጣት ሲያጮሁ እንደሚሰማው ያለች ትንሽ ድምፅ፣ ከብልጭታ ጋር። ጠቅ። ደግሞ ጠቅ። ሕመም የለውም፤ ግን እንዳላማው የማርያምን ስም፣ የአገሩን ታቦታት ሁሉ ጠርቶ፣ በመጨረሻም የምስጋናውን በሬ ሳይቀር ይቅርታ ጠይቋል። ቆሎ አንድ እፍኝ ቅሞ ለመጨረስ በሚፈጀው ጊዜ አለቀ። በቃ ይነሱ ሲሉት አላመነም፤ ገና ማሽኑን ልታሟሙቁ መስሎኝ ነበር አለ።

ከሰዓታት በኋላ፣ ግፊቱ ተለክቶ ደህና ነው ተብሎ፣ ብርሃኑ እየወጋው ሚኒባስ ውስጥ ገባ። የሰፋው ብሌን ማታ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ በማግስቱ ጠዋት ደጅ ወጣና ተራራው በቦታው ቆሞ አገኘው። ጉልላቱ ተመልሷል። በማሬ ጠጉር ላይ እሱ የማያውቃቸው ሽበቶች በቅለዋል፤ ይህን ነግሯት የዚያን ቀን ምሳ ሳይቀርብለት ቀረ።

ችግሩ ፋሻ አለመኖሩ ነው። በአገሩ ደንብ ሰው ሐኪም ቤት ደርሶ ሲመለስ ጎረቤት እግዜር ይማርህ ሊል ይመጣል፤ ዶሮ ይዞ፣ እርጎ ይዞ ይመጣል፤ የመጣም ሰው የሚያየው ቁስል ይፈልጋል። እንዳላማው ግን እንደ ሙሽራ ጸድቶ ተቀምጧል። በብርሃን ተበሳሁ ብሎ ማን ያምነዋል? ስለዚህ የማሬን ነጭ ሻሽ ወስዶ ራሱን ጠመጠመና አልጋ ላይ ጋደም አለ። ሰው ተንጋጋ። በሌዘሩ ጊዜ መብራት ከማርቆስ እስከ ቡሬ እንደጠፋ፣ ሐኪሟ ራሷ እንደተንቀጠቀጠች፣ ጠቅ ያለው ድምፅ መስኮት እንዳረገፈ በደከመ ድምፅ ተረከላቸው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እርጎው ተደረደረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሻሹ የታሰረው በማያየው በግራ ዐይኑ ላይ ነበር፤ የሚመጣውን ዶሮ መጠን ማየት ስለነበረበት። አንድም ሰው ልብ አላለም።

አይናዲስ ግን በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ አየችውና ሻሹን ፈትታ ለማሬ አቀበለቻት። ተነስ፣ አለች፣ ዝናቡ ሳይጥል ገበያ እንወጣለን።

ቁይ መሄድ አይታሰብም፤ እንዳላማው በከብት ተራው ባለፈ ቁጥር "ዕውር ማን ነው?" የሚል ድምፅ ከዶሮ ተራው ሳይቀር ይከተለው ጀምሯል። የሚያውቀው ሰው ወደማይገኝበት ወደ ይጁቤ እንሂድ፣ በሬም ያለው እዚያ ነው አለ። በማለዳ ማርቆስ ደርሰው የይጁቤን ሚኒባስ ሲሳፈሩ ኋላ ወንበር ላይ አማረ ተቀምጧል። በግ ልገዛ ነው አለ። በግ ሲገዛ የታየ ሰው ግን አይደለም። እንዳላማው መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየ በማሳው ላይ ያሉትን ላሞች ስምና ዕድሜ ሲነግራቸው፣ አማረ ዐይኑን ጨፍኖ እንዳልሰማ ሆነ።

በይጁቤ ከብት ተራ እንዳላማው እንደ ድሮው እንዳላማው ሆነ። በዳለቻው በሬ አለፈ፤ ጉልበቱ ያበጠ ነው። ቡሬውን በሬ ተወ፤ ጥርሱ አልቋል። አንዱ ሲራመድ የኋላ እግሩን ይሳብ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ገበያውን አዳርሰው ተስፋ የሚጣልበት አንድ በሬ ብቻ ቀረ፤ ነጭ፣ ደረተ ሰፊ፣ ረጋ ያለ። ባለቤቱ ዘማርያም የሚባል ረጅም ገበሬ ነው፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ በሬውን እንደ ልጁ ያሻሸዋል። እንዳላማው ጥርሱን ገለጠ፤ ሙሉ። ሰኮናውን አነሳ፤ ጤነኛ። ራቅ ብሎ ቆሞ አንገቱን ዘመም አደረገ። አይናዲስ ከንፈሩን ትጠብቃለች። ውሰጂው ሊል ሲል ከሻኛው ሥር፣ ልክ ቀንበር በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ጥቁር ነገር አየ።

የቀንበር ቁስል ነው። እንዲህ ያለ በሬ ገበያ ላይ መልአክ ነው፤ ቀንበሩ ቁስሉን የነካው ዕለት ግን ትልሙ መሃል ተኝቶ አይነሳም። ተጠጋና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቆዳው ልስልስ ነው፤ ጣቱም ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ይህ እንዳላማውን አላረጋጋውም፤ ቁስሉ ውስጥ ለውስጥ የገባ ነው ብሎ አሰበ። ተወው አለ። የቀንበር ቁስል ያለበትን በሬ ለባልቴት ልትሸጥ ነው ወይ አለው ዘማርያምን፣ ሰው እንዲሰማ አድርጎ።

ዘማርያም ፊቱ ጠቆረ። ይህ በሬ እጄ ላይ የተወለደ ነው፣ ቁስሉን አሳየኝ አለ። ሰው ከበባቸው። በዚህ መሃል አማረ ሰዉን ሰንጥቆ ገባና ወደ በሬው ተጠጋ።

"እውነቱን ነው" አለ። "እኔም አይቼዋለሁ። ቁስል ነው፤ እንዲያውም መግል ይዟል።"

አይናዲስ ዱላዋን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። ሌላ በሬ የለም፤ ገበያው አልቋል፤ የእርሻውም ወቅት እየሄደ ነው። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ መኪና ተራው መዞር ጀመረች።

እንዳላማው መደሰት ነበረበት፤ ግን አንድ ነገር ጎረበጠው። አማረ ከእሱ ጋር ተስማማ? በአንድ በሬ? ዞሮ አየው። ሲያየው ጥቁሩ ነገር ከበሬው ሻኛ ተነሳና በአየር ተንሸራቶ መጥቶ የአማረ አፍንጫ ላይ አረፈ።

እንዳላማው አማረን ትቶ የዘማርያምን ጋቢ አየ። ነገሩ ጋቢው ላይ ወጣ። ሰማዩን አየ፤ እዚያም ሆኖ ቀስ እያለ ይዋኛል፤ ክር የመሰለ ጅራት እንኳ አለው። እንደ ዝንብ፣ እንደ ጥላሸት። የመቅደላዊት ድምፅ አሁን ገና ከጆሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ።

ከእሱ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ዝም ቢል በሬው ይቀራል፣ ስሙ ግን አይነካም፤ ምስክርም አለው፤ ያውም አማረን የመሰለ ምስክር። አይናዲስ መኪና ተራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ከጀርባዋ ሲያያት ጎብጣለች፤ ባለፈው ወር እንዲህ አልነበረችም። ወይስ ያኔ አልታየውም ነበር?

"አማረ" አለ። "ቁስሉን አሁንም ታየዋለህ?"

"እንዴታ። ይኸው።"

"የት ላይ?"

"አንተ ያልኸው ቦታ ነዋ።"

"እኔ እኮ አሁን የማየው አፍንጫህ ላይ ነው።"

እንዳላማው እህቱን በስሟ ጠራት፤ ተመለሰች። "እትዬ፣ ጥቁሩ ነገር በሬው ላይ የለም" አላት። "እዚህ ዐይኔ ውስጥ ነው ያለው። ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። በይ አንቺ እዪው፤ እኔ ዛሬ ግማሽ ሰው ነኝ።"

አይናዲስ በሬውን ከሻኛው እስከ ጭራው በመዳፏ ሄደችበት። ጠጉሩን እየከፈለች ቆዳውን አየች። ቀንበር የሚያርፍበትን ቦታ በክርኗ ተጫነችው፤ በሬው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

"ንጹሕ ነው" አለች።

ይጁቤ የቁይን ያህል ሳቀች፤ ትንሽ ትበልጥ ይሆናል፣ ምክንያቱም እዚህ የተሳቀባቸው ሁለት ናቸው። አንዱ መግሉንስ ማን አየው እያለ አማረን ያሳድደው ጀመር። እንዳላማው ለዘማርያም ጎንበስ ብሎ ይቅር በለኝ አለ። ዘማርያም ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው፤ ይቅር ብያለሁ፣ ግን የተሰደበ በሬ ዋጋ አይቀንስም አለ። አይናዲስ ደግሞ የተሰደበ በሬ ሙሉ ዋጋ አያወጣም አለች። ሁለቱ በዚህ ሲከራከሩ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ግን በሬው አመሻሹ ላይ የአይናዲስ ሆነ።

ወደ ማርቆስ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫኑት። አይናዲስ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ እንዳላማው ከኋላ ከበሬው ጋር ቆመ። መኪናው ሊነሳ ሲል አማረ እየሮጠ መጣ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ጥሎት ሄዷል። አይናዲስ በመስኮት አየችውና ከፈለግህ ውጣ፣ ጅራቱን ግን አንተ ትይዛለህ አለችው። ወጣ።

በሬው በሁለቱ መሃል ቆሞ ያመሰኳል። መኪናው ሲነጥር አማረ የጎኑን ብረት ለመያዝ እጁን ዘረጋና አየር ጨበጠ፤ ደግሞ ዘረጋና የበሬውን ዳሌ ያዘ። እንዳላማው ይህን አየ። አንዴ አየ፣ ሁለቴ አየ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ በአማረ ፊት አወዛወዘ። አማረ ዐይኑን አላርገበገበም።

"አንተ ሰው" አለ እንዳላማው፣ "በሬው ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

አማረ ጅራቱን እጁ ላይ ጠመጠመ። "ነጭ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለ።

ከሰኔ ጀምሮ ነው ጉሙ የመጣበት፤ ካምናው ሰኔ። ቁስሉን አየሁ ያለው ማሳውን ስለፈለገ ነው፤ እሱን አይክድም። ግን አላየሁም ማለትም አይችልም ነበር፤ አላየሁም ካለ ሰው ለምን አላየህም ይለዋል። ከዚያ ድምፁን ከሞተሩ ጩኸት በታች አድርጎ ያ ሌዘር የምትሉት ነገር ያምማል ወይ አለው።

እንዳላማው አፉን ከፈተ። የረገፈው መስኮት፣ የጠፋው መብራት፣ የተንቀጠቀጠችው ሐኪም ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፈው መጡ። አማረ ጅራቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጠብቃል።

"አያምም" አለው። "ጠቅ ይላል፣ በቃ። እኔ ራሴ ፈርቼ ነበር።" ሙሉ እውነት ተናግሮ መዋል ግን ለእንዳላማው ጤንነት አይስማማም፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ደግሞ አትቸኩል። ያንተ ገና የመጀመሪያው ሞራ ነው፤ እሱ በኦፕራሲዮን ነው የሚወጣው። ሌዘር የሚደርሰው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ያውም ለተመረጠ ሰው። እኔ ካለሁበት ለመድረስ ሁለት ዓመት ይቀርሃል።"

አማረ ይህን ሰምቶ አሰበበት። ታዲያ ማክሰኞ አብረኸኝ ትሄዳለህ ወይ አለው።

"በጠዋት ተነስ" አለ እንዳላማው። "ሐኪሟን እኔ ነኝ የማስተዋውቅህ።"